ከትኩሳት ሰንጠረዥ እስከ ጂኖች የሥራ ሰዓት፦ በጊዜ የተለኩ የጂን መረጃዎችን የመመደብ ጥበብ አጭር ታሪክ

መግቢያ

የሕሙማንን የሰውነት ሙቀት በየሰዓቱ እየለኩ በነጥብና በመሥመር መመዝገብ ዛሬ በየሕክምና ተቋሙ የተለመደ ተግባር ነው። ይህን ልማድ በሰፊው ካስተዋወቁት ሊቃውንት አንዱ በላይፕሲግ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊኽ ናቸው። በ1868 ባሳተሙት መጽሐፍ የበሽታን ጠባይ የሚገልጠው በተከታታይ የተለካ የሙቀት መውጣትና መውረድ እንደሆነ አስረድተዋል። ኢጣሊያዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ ደግሞ ከ1885 ጀምሮ ባካሄዷቸው ምርምሮች የወባ ትኩሳት የሚነሣው ጥገኛ ተውሳኩ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተባዝቶ ሕዋሱን አፍርሶ በሚወጣበት ሰዓት መሆኑን አሳይተዋል። በሰንጠረዡ ላይ ከሚታየው መሥመር በስተጀርባ የራሱ ሰዓት ያለው ሕይወት መኖሩ በዚህ ታወቀ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ ጥያቄ እንደገና ለማንሣት ተገደዱ። በዚህ ጊዜ ግን በእጃቸው የነበረው የአንድ ሕመምተኛ አንድ መሥመር ሳይሆን የብዙ ሺህ ጂኖች ብዙ ሺህ መሥመሮች ነበሩ። ይህን ያህል ብዛት በዓይን መርምሮ መለየት ስለማይቻል ሥራው ለስሌት ተሰጠ። ይህ ጽሑፍ ስሌቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳስገኘና በየት በኩል እንዳሳሳተ በአጭሩ ለመዳሰስ ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

የመመደብ ስሌት ከየት መጣ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ስሌቱ የተወለደው በጂን ምርምር ውስጥ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሶካልና የንብ ዝርያዎች ሊቅ የነበሩት ቻርለስ ሚችነር ዝርያዎችን በግል ግምት ሳይሆን በቁጥር ለመመደብ የሚያስችል ዘዴ ፈለጉ። በ1958 ያሳተሙት ዘዴ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ፍጥረት ለብቻው ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ከሁሉም ይልቅ የሚመሳሰሉትን ሁለቱን ፈልጎ ያጣምራል፤ ጥንዱን እንደ አንድ ቆጥሮ እንደገና የቅርብ ዘመዱን ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ግንድ ሥር እስኪሰባሰቡ ድረስ ሥራው ይቀጥላል። ውጤቱ የዘር ሐረግ የሚመስል ዛፍ ነው። በ1963 ሶካል ከእንግሊዛዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ከፒተር ስኒዝ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ አማካይነት ዘዴው በሰፊው ታወቀ።

ሁለተኛው ዘዴ ከስልክ ምሕንድስና የመጣ ነው። ስቱዋርት ሎይድ በ1957 በቤል ላቦራቶሪ የድምፅ ምልክትን በጥቂት ቁጥሮች ለመወከል ያዘጋጁት ስሌት በይፋ የታተመው በ1982 ነበር። በ1967 ጄምስ ማክኩዊን ለተመሳሳይ ዘዴ «ኬ-ሚንስ» የሚል ስም ሰጡት። በዚህ ዘዴ ተመራማሪው የምድቦቹን ቁጥር አስቀድሞ ይወስናል፤ ስሌቱም እያንዳንዱን መረጃ ወደሚቀርበው የምድብ አማካይ ይወስዳል፤ አማካዩን እንደገና ያሰላል፤ ቦታውን የሚለውጥ መረጃ እስኪጠፋ ድረስም ይደጋግመዋል።

ሁለቱም መሣሪያዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ለተለካ ነገር አልተዘጋጁም። ይህ እውነት ኋላ ላይ ብዙ መዘዝ እንዳስከተለ እንመለከታለን።

የእርሾ ሕዋስ ሰዓት

እንደሚታወቀው፣ ከጥቂቶች በስተቀር የሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ጂኖችን ይዘዋል። የጉበትን ሕዋስ ከነርቭ ሕዋስ የሚለየው የትኞቹ ጂኖች ሥራ ላይ እንዳሉና የትኞቹ እንዳረፉ ነው። አንድ ጂን ሥራ ሲጀምር መልእክተኛ አር ኤን ኤ ስለሚያመርት፣ የዚህ መልእክተኛ መጠን ቢለካ የጂኑ ትጋት ይታወቃል። በ1995 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሺና፣ ፓትሪክ ብራውንና ባልደረቦቻቸው የጂን ቁራጮችን በመስታወት ስላይድ ላይ በነጥብ በነጥብ አትመው የ45 ጂኖችን መልእክት በአንድ ጊዜ ለመለካት ቻሉ። ማይክሮአሬይ የተባለው መሣሪያ ሥራ የጀመረው በዚህ መልክ ነበር። በ1996 የእርሾ ሙሉ የዘር መረጃ ተነብቦ ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖች እንዳሉት ሲታወቅ፣ ለዳቦና ለጠላ የምናውቀው ይህ ፍጥረት ለአዲሱ መሣሪያ ዋና መሞከሪያ ሆነ።

በ1997 ጆሴፍ ዴሪሲ፣ ቪሽዋናት አየርና ፓትሪክ ብራውን እርሾ ስኳሩን ጨርሶ አልኮሉን መመገብ ሲጀምር ጂኖቹ እንዴት እንደሚለዋወጡ በየሁለት ሰዓቱ ሰባት ጊዜ ለክተው አሳተሙ። በ1998 ሬይመንድ ቾና ባልደረቦቻቸው በሕዋስ መከፋፈል ዑደት ውስጥ በየ10 ደቂቃው 17 ልኬቶችን ወሰዱ፤ ከ6,220 መልእክቶችም 416ቱ ከዑደቱ ጋር እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ገለጹ። በዚያው ዓመት ፖል ስፔልማንና ባልደረቦቻቸው ሕዋሳቱን በተለያየ ዘዴ በአንድ ሰዓት እንዲነሡ አድርገው ወደ 800 የሚሆኑ ጂኖች ከዑደቱ ጋር እንደሚሄዱ አመለከቱ።

መረጃው ከዓይን አቅም በላይ በሆነበት በዚህ ወቅት፣ በታኅሣሥ 1998 ማይክል አይዘን፣ ፖል ስፔልማን፣ ፓትሪክ ብራውንና ዴቪድ ቦትስታይን የሶካልንና የሚችነርን የዛፍ ዘዴ በጂኖች ላይ ተግባራዊ ያደረጉበትን ጽሑፍ አወጡ። ያመዛዘኑት የመሥመሮቹን ከፍታ ሳይሆን ቅርጻቸውን ነበር። ይህን በትኩሳት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል፤ የአንዱ ሕመምተኛ ሙቀት ከ37 እስከ 38፣ የሌላው ከ38 እስከ 40.5 ቢመላለስም፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ወጥተው በአንድ ሰዓት ከወረዱ የቅርብ ዘመዶች ሆነው ይቆጠራሉ። ሥራው የጨመረ ጂን በቀይ፣ የቀነሰ ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም ሲታይ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ የሚነበብ ሥዕል ሆኑ። አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ጂኖች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ተግባር የሚያከናውኑ ሆነው ተገኙ። በመሆኑም ተግባሩ ያልታወቀ ጂን በምድብ ጓደኞቹ አማካይነት ሊገመት ቻለ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከቀለሙ ያነሰ ትኩረት ያገኘ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጸሐፊዎቹ ያንኑ መረጃ በዘፈቀደ በመበወዝ ስሌቱን እንደገና አስኬዱ፤ ያማሩት ምድቦችም ጠፉ። ስለዚህ ምድቦቹ በመረጃው ውስጥ የነበሩ እንጂ ስሌቱ የፈጠራቸው እንዳልሆኑ አስመሰከሩ። ይህን ጥንቃቄ የዘነጉ ሥራዎች ኋላ ላይ ችግር ገጥሟቸዋል።

የቁስል ምላሽ በሴረም ውስጥ

ለጤና ባለሙያዎች ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በጥር 1999 የታተመው የቪሽዋናት አየርና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ፋይብሮብላስት የተባሉትን የሰው ሕዋሳት ያለ በቂ ሴረም አቆይተው ካሳረፏቸው በኋላ ሴረም ጨመሩላቸው፤ ከዚያም ከ15 ደቂቃ እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ 8,600 የሚጠጉ ጂኖችን በተደጋጋሚ ለኩ። የተጠበቀው ሕዋሳቱ ለመከፋፈል ሲዘጋጁ ማየት ነበር።

517 ጂኖች በቅርጻቸው ሲመደቡ ግን ከተጠበቀው በላይ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሌሎችን የሚያዝዙ ጂኖች ተነሡ፤ ቀጥሎ ደም እንዲረጋ፣ የመከላከያ ሕዋሳት እንዲጠሩ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ቆዳ እንዲታደስ የሚረዱ ጂኖች በየተራቸው ሥራ ጀመሩ። ኮሌስትሮል የሚያመርቱት በአንጻሩ አብረው ወረዱ። ነገሩ ሲታሰብ ምክንያታዊ ነው፤ ፋይብሮብላስት በተፈጥሮ ሴረም የሚያገኘው ሕብረ ሕዋስ ሲቆስልና ደም ሲፈስ ነውና። በብልቃጥ ውስጥ የነበሩት ሕዋሳት ሴረሙን እንደ ቁስል ምልክት ቆጥረውት ነበር።

ግኝቱ በዚያ አልቆመም። በ2004 ሃዋርድ ቻንግና ባልደረቦቻቸው ይኸው የሴረም ምላሽ በጡት፣ በሳንባና በጨጓራ ካንሰር ናሙናዎች ውስጥ እንደሚገኝና ምልክቱ የታየባቸው ሕሙማን የከፋ ዕጣ እንደሚገጥማቸው አሳተሙ። በአንድ ቦታ የተገኘ ምድብ በሌላ ቦታ፣ በሌሎች ሰዎች ናሙና ላይ ተፈትኖ ሲጸና ዕውቀት ይሆናል።

ስሌቱ ጊዜን አያውቅም

ከላይ የተገለጹት ስሌቶች አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። የአሥር ሰዓታት ልኬት በአሥር ዓምዶች ተጽፎ ቢሰጣቸውና የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ለሁሉም ጂኖች በአንድ ዓይነት ቢዘበራረቅ፣ ዛፉም ሆነ «ኬ-ሚንስ» የሚሰጡት ምድብ አይለወጥም። ለእነርሱ ጧት ከማታ በፊት መምጣቱ ትርጉም የለውም። በ15 ደቂቃና በ12 ሰዓት ርቀት የተወሰዱ ልኬቶችም እኩል ይቆጠራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እነዚህ ስሌቶች «ምድብ የለም» የሚል መልስ አያውቁም፤ 15 ምድብ የጠየቃቸው 15 ያገኛል።

ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያሳስት በተግባር ታይቷል። በ2001 የቾ ቡድን በሰው ፋይብሮብላስት ውስጥ ወደ 700 የሚሆኑ ጂኖች ከሕዋስ ዑደት ጋር እንደሚወጡና እንደሚወርዱ አሳተመ። በ2002 ኬርቢ ሼደንና ስቴፈን ኩፐር ይፋ የሆነውን ያንኑ መረጃ ወስደው እንደገና መረመሩት። አንዱ ሙከራ ያሳየው ዑደት በተደጋገመው ሙከራ አልጸናም፤ የታየው መመላለስም በአጋጣሚ ከሚፈጠር መዋዠቅ የማይለይ ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ። ሌላ ቡድን በዚያው ዓመት በሌላ ዓይነት የሰው ሕዋስ ላይ ባደረገው ሰፊ ጥናት ከ850 በላይ ጂኖች ከዑደቱ ጋር እንደሚሄዱ ስላሳየ፣ ክርክሩ የነበረው ዑደቱ ስለመኖሩ ሳይሆን ማስረጃው ስለመጽናቱ ነበር።

የአጋጣሚን ጉልበት በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። አንድ ጂን አምስት ጊዜ ቢለካና በየመካከሉ ወጣ ወይም ወረደ ብቻ ቢባል፣ ሊኖሩ የሚችሉት ቅርጾች 16 ናቸው። 6,000 ጂኖች ያለ ምንም ሥርዓት በእነዚህ ቅርጾች ላይ ቢበተኑ እንኳ ለእያንዳንዱ ቅርጽ በአማካይ 375 ጂኖች ይደርሳሉ። ይህን ያህል ጂን በአንድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያየ ሰው ታላቅ ምሥጢር እንዳገኘ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጄሰን ኤርንስት፣ ጂራርድ ናውና ዚቭ ባር-ጆሴፍ በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ በስታንፎርድ የመረጃ ቋት ውስጥ ከነበሩት የጊዜ ተከታታይ ጥናቶች 80 በመቶ ያህሉ ከስምንት የማይበልጥ ልኬት እንደነበራቸው አመለከቱ። እነርሱ ያቀረቡት ስሌት ሊኖሩ የሚችሉትን ቅርጾች አስቀድሞ ይዘረዝራል፤ የጊዜውን ቅደም ተከተል እየበወዘም በአጋጣሚ ስንት ጂን ወደ እያንዳንዱ ቅርጽ እንደሚገባ ያሰላል፤ ከዚያ ግምት በልጠው የተገኙትን ቅርጾች ብቻ ልብ እንዲባሉ ያቀርባል። የጊዜ ቅደም ተከተል የስሌቱ አካል የሆነው በዚህና በመሰል ሥራዎች ነው።

የወባ ተውሳክ 48 ሰዓታት

ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ሙሉ የዘር መረጃ በጥቅምት 2002 ሲታተም 5,300 ያህል ጂኖች እንዳሉት ታወቀ፤ ከእነዚህ ከሚመነጩት ፕሮቲኖች ወደ 60 በመቶ ለሚጠጉት ግን ተግባራቸውን ለመገመት የሚያስችል ዘመድ አልተገኘም። ስለዚህ ጂኖቹን በሥራ ሰዓታቸው መመደብ አማራጭ መንገድ ሆነ። በ2003 ካሪን ለ ሮክና ባልደረቦቻቸው በሰው ደምና በወባ ትንኝ ውስጥ የሚገኙትን የተውሳኩን የተለያዩ ደረጃዎች ለክተው፣ በተሻሻለ የ«ኬ-ሚንስ» ስሌት ጂኖቹን በ15 ምድቦች ከፈሏቸው።

በዚያው ዓመት የዝቢኔክ ቦዝዴችና የጆሴፍ ዴሪሲ ቡድን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚያልፉትን 48 ሰዓታት በየሰዓቱ ለመለካት ተነሣ። የተገኘው ሥዕል ያልተጠበቀ ነበር። በዚህ ወቅት ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆነው የተውሳኩ የዘር መረጃ በሥራ ላይ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጂኖች በዑደቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣሉ፤ እያንዳንዱም ምርቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት አካባቢ ይነቃል። መጀመሪያ ፕሮቲን የሚሠሩት፣ በመጨረሻም አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ ለመውረር የሚያስፈልጉት በየተራቸው ይመጣሉ። ለክትባት የታሰቡ የታወቁ ፕሮቲኖች ጂኖች በዚህ በመጨረሻው ክፍል ስለሚገኙ፣ በሰዓት የሚቀርቧቸው ያልታወቁ ጂኖችም ለምርመራ የሚገባቸው ሆነው ቀረቡ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። በየሰዓቱ የተለካው የተውሳኩ መሥመር ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው የሚዘልል አልሆነም፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያለማቋረጥ የሚዞር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጂኖቹን በሣጥን ከመክፈል ይልቅ በሚነሡበት ሰዓት በክብ ደረደሯቸው። በጥቂት ልኬት የተለየ ምድብ የመሰለው ነገር በብዙ ልኬት ሲታይ የአንድ ጉዞ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን

የመመደብ ስሌት ከሰዓታት ወደ ሕሙማን ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በ2000 አሽ አሊዛዴና ባልደረቦቻቸው በዚያው የዛፍ ዘዴ በማይክሮስኮፕ አንድ የሚመስለውን የሊምፎማ ዓይነት በሁለት ከፈሉት፤ የሁለቱ ሕሙማን የመዳን ዕድልም ተለያይቶ ተገኘ። ክፍፍሉ በብዙ ናሙናዎች ተደጋግሞ ስለጸና በ2016 በተሻሻለው የዓለም ጤና ድርጅት የምደባ መመሪያ ውስጥ በምርመራ ጊዜ እንዲለይ ተደርጓል።

ከሕሙማን ደም በተወሰደ የወባ ተውሳክ ላይ ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል፤ የአንዱ ተውሳክ ዕድሜ 6 ሰዓት፣ የሌላው 18 ሰዓት ሊሆን ይችላልና። በ2007 ጆሐና ዴይሊና ባልደረቦቻቸው በሴኔጋል ከ43 ሕሙማን የተገኙ ተውሳኮችን መድበው ሦስት የተለያዩ የኑሮ ሁኔታዎች እንዳገኙ አስታወቁ። በ2009 ሌላ ቡድን ከጂኖቹ ሥራ ተነሥቶ የተውሳኩን ዕድሜና ወደ ጾታዊ ደረጃ መግባቱን የሚገምት ስሌት አቀረበ፤ እነዚህ ሁለቱ ሲታሰቡ ከሕሙማን ተወስደው በላቦራቶሪ ለአጭር ጊዜ ያደጉ ተውሳኮች የሚያሳዩት ሥርዓት ተመሳሳይ መሆኑን ገለጸ። የጊዜ ልዩነት ካልተለየ የበሽታ ልዩነት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ትምህርት በ2015 ፍሬ አፍርቷል። ሳቺል ሞክና ባልደረቦቻቸው ከ1,043 ሕሙማን የተወሰዱ ተውሳኮችን ሲመረምሩ፣ አርቴሚሲኒንን የሚቋቋሙት ተውሳኮች በመጀመሪያው የቀለበት ደረጃ ላይ ዕድገታቸውን እንደሚያዘገዩና የተበላሹ ፕሮቲኖችን የሚጠግኑ ጂኖቻቸውን አስቀድመው እንደሚያነቁ አሳዩ። መድኃኒቱን የመቋቋም ምሥጢር በከፊል የጊዜ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2023 የታተመ የዘር ጥናት ከአርቴሚሲኒን መቋቋም ጋር የሚያያዘው 622አይ የተባለው የኬልች 13 ጂን ለውጥ በኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ መገኘቱን ይፋ አድርጓል።

ማጠቃለያ

ዛሬ ማይክሮአሬይ ቦታውን በአብዛኛው አር ኤን ኤን በቀጥታ ለሚያነቡ መሣሪያዎች ለቅቋል፤ ከ2010ዎቹ ወዲህም የእያንዳንዱ ነጠላ ሕዋስ ጂኖች በተናጠል መለካት ጀምረዋል። መሣሪያው ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም። በጂኖች ሥራ ላይ የተመሠረቱ የምርመራ ዘዴዎች ወደ ሕክምና አገልግሎት እየገቡ በመሆናቸው፣ የጤና ባለሙያው ስሌቱን ራሱ ባያከናውን እንኳ ውጤቱን እያነበበ ለሕሙማን ውሳኔ መስጠቱ አይቀርም።

ከላይ የተተረከው ታሪክ ለዚህ ሦስት መመዘኛዎችን ይሰጠዋል። አንደኛ፣ ልኬቱ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ርቀት ተወሰደ? ሁለተኛ፣ መረጃው በዘፈቀደ ሲበወዝ ምድቡ ጠፋ ወይስ እንዳለ ቆየ? ሦስተኛ፣ ምድቡ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቦታ፣ በሌሎች ሕሙማን ላይ ተደግሞ ተገኘ? የቁስሉ ምላሽና የሊምፎማው ክፍፍል ሦስተኛውን ፈተና አልፈዋል፤ የ2001ዱ የ700 ጂኖች ዝርዝር ግን በራሱ ድግግሞሽ እንኳ አልጸናም። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ያማረ ሥዕል ማቅረብ ይቻል ነበር። በመሆኑም ባለሙያው ሥዕሉን ከማድነቁ በፊት ፈተናውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በተሳሳተ ምድብ የሚጎዳው ስሌቱ ሳይሆን በዚያ ምድብ መሠረት መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው ነውና።